ታጁራ፦ በሰባቱ መስጊዶች ከተማ



ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ተወልዶ ያደገ ሰው ባሕርን የሚያውቀው ከካርቶን ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መርካቶ ውስጥ በየቀኑ የሚራገፈው ዕቃ፣ ከምስማሩ እስከ ብርድ ልብሱ፣ ከሳህኑ እስከ ረመዷን ቴምሩ፣ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል ያለፈ ነው። ተሸካሚው በጀርባው፣ ነጋዴው በመጋዘኑ፣ ሕፃኑ በመጫወቻው ባሕር የተሻገረ ነገር ሲነካ ይውላል። ባሕሩን ራሱን በዓይኑ ያየው ግን ጥቂት ነው።

ካዩትም መካከል ብዙዎቹ ያዩት ለሽርሽር ወጥተው አይደለም። በሌሊት፣ ከደላላ ኋላ ተሰልፈው፣ ወዴት እንደሚሄዱ በቅጡ ሳያውቁ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናስጎበኛችሁ የባሕር ዳርቻ ሁለቱንም መልክ አብሮ የያዘ ነው። ስለ ውበቱ ብቻ ጽፈን ሌላውን ብንሸፍን አማና ማጉደል ይሆንብናል።

ተጓዦቹ በሰፈሩ በመድረሳም በመደበኛ ትምህርት ቤትም የምናስተምር ሦስት መምህራንና ቤተሰቦቻችን ነበርን፤ ልጆቹን ጨምሮ አሥር ሰዎች። ጊዜው ጥር ማለቂያ፣ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና አልቆ ትምህርት ቤቶች የተዘጉበት ሳምንት ነበር።

ለምን ታጁራን መረጥን?

ስለ ባሕር ሽርሽር ሲነሳ የሰው ሐሳብ ቶሎ ወደ ሞምባሳ ወይም ወደ ዛንዚባር ይሄዳል። ታጁራ ከነዚህ ሁሉ ለእኛ የቀረበች ናት። በጅቡቲ ሪፐብሊክ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ሰሜናዊ ዳርቻ ላይ የተቀመጠች የዓፋሮች ጥንታዊ ከተማ ናት። ነዋሪዎቿ የሚናገሩት ቋንቋ ሰመራና አሳይታ ከሚነገረው ጋር አንድ ነው። ነጫጭ ግድግዳ ያላቸው ዝቅ ያሉ ቤቶቿ ከባሕሩ ጫፍ ይጀምራሉ፤ ከኋላቸው ደግሞ የጎዳ ተራሮች ተደርድረዋል። «የሰባት መስጊዶች ከተማ» እየተባለች ትጠራለች።

ሌላው ምክንያታችን ታሪክ ነው። አዲስ አበባ ሳትቆረቆር፣ መርካቶም ሳይታሰብ፣ የሸዋ ንግድ ወደ ባሕር የሚወጣበት አንዱ በር ታጁራ ነበረች። ከአንኮበርና ከአልዩ አምባ የሚነሱ ሲራራዎች በአውሳ በኩል በረሃውን አቋርጠው እዚህ ይደርሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው በካፒቴን ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ግመሎቹን ጭኖ የተነሣው ከዚሁ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦም ለምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ ይዞ ጉዞው እስኪሰምርለት ድረስ እ.ኤ.አ. ከ1885 መጨረሻ እስከ 1886 በታጁራ ወራት ቆይቷል።

በዚህ መንገድ የሚመላለሰው ጨውና ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ጠመንጃ ብቻ አልነበረም። ከደቡብና ከምዕራብ የአገራችን ክፍሎች የተነጠቁ ልጆችም በባርነት እየተነዱ በዚህ ዳርቻ ወደ የመን ወደቦች ተጭነዋል። ነጋዴዎቹ መካከል ሙስሊሞች መኖራቸው ታሪኩን እንድንደብቀው አያደርገንም። ልጆቻችን የታጁራን ታሪክ ሲማሩ ይህንንም መማር አለባቸው ብለን እናምናለን።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ የተነሳነው ከፉሪ ለቡ ጣቢያ በባቡር ነው። የቀድሞው የምድር ባቡር ሥራው እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደርሶ ነበር። አያቶቻችን «ለገሀር» ሲሉ የሚያነሱት እርሱን ነው። የአሁኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ባቡር እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቆ መደበኛ አገልግሎቱን በ2018 የጀመረ ሲሆን ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ልጆቻችን መስኮቱን ለመያዝ ሲጣሉ አዳማን፣ አዋሽንና ሚኤሶን አለፍን። ድሬዳዋ ወርደን ዘመድ ቤት አደርን፤ የድሬ ሰው እንግዳ አቀባበል ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል። ከዚያም ቀጥለን በደወሌ ድንበሩን ተሻገርንና ከጅቡቲ ከተማ ዳርቻ ካለው ናጋድ ጣቢያ ደረስን።

በጅቡቲ ከተማ አንድ ሌሊት ብቻ ቆየን። መግሪብን የሰገድነው ከገበያው አጠገብ በሚገኘው በሐሙዲ መስጊድ ነው። ከተማዋ እንግዳ አልሆነችብንም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ መብራት፣ ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ሶማሌ ክልል ውስጥ ካለው ሐዳጋላ በቧንቧ የሚሄድ ውሃ ከእኛ አገር ታገኛለች። እኛ ደግሞ ወደቧን እንጠቀማለን። ከመምህራኑ አንዱ ለልጆቹ እንዳስረዳው፣ ጎረቤት ማለት ሲያስነጥስ የሚሰማ ብቻ አይደለም፤ ሲጠማ ውሃ የሚያቀብልም ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ታጁራ የሚያሻግረውን ጀልባ ተሳፈርን። ጀልባው የሕዝብ ማመላለሻ ነው፤ ፍራሽ የጫነ፣ ፍየል የሚጎትት፣ ሕፃን ያዘለች፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው። ጉዞው ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መሬት ከዓይናችን ሲርቅ ልጆቹ ዝም አሉ። ከመካከላቸው የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው «ይህ ሁሉ ውሃ የማን ነው?» ብላ ጠየቀች። መልሱን ሁላቸውም ያውቁት ነበር። በመድረሳ ያጠኗቸው፣ መርከብ በባሕር ላይ መንሳፈፉን ከአላህ (ሱ.ወ.) ምልክቶች የሚቆጥሩ የቁርኣን አንቀጾች ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊታቸው ተዘረጉ። ሰሌዳ ላይ ጽፈን አሥር ዓመት ብናስተምር ያን ያህል አይገባቸውም ነበር።

ነጯ ከተማ

ታጁራ የሚቸኩል ሰው የለባትም። ጎህ ሲቀድ ዓሣ አጥማጆች ይመለሳሉ፤ ጀልባቸውን አሸዋው ላይ ጎትተው ያወጣሉ፤ ዓሣው እዚያው ተመዝኖ ይሸጣል። ረፋዱ ላይ ሴቶች በደማቅ ልብሶቻቸው ገበያ ይወጣሉ። ቀትር ሲሆን በሩ ሁሉ ይዘጋል፤ ፍየሎች እንኳ የግድግዳ ጥላ ይፈልጋሉ። ከዐሱር በኋላ ከተማዋ እንደገና ትነቃለች። ወጣቶች ኳስ ይዘው አሸዋው ላይ ይወጣሉ፤ ሽማግሌዎች ከመስጊድ ደጃፍ ተቀምጠው ነፋስ ይቀበላሉ። ከመርካቶ ግርግር ለመጣ ሰው የመጀመሪያው ቀን ከባድ ነው፤ የሚያደርገውን ያጣል። በሁለተኛው ቀን ትከሻው መውረዱን ያስተውላል።

መስጊዶቹ ትናንሽና በኖራ የተለቀለቁ ናቸው። አዛን ሲጀመር ከአንዱ ወደ ሌላው እየተቀባበለ ባሕሩ ላይ ይወጣል። አንድ ነገር ልጆቹን አስገርሟቸው ነበር። ታጁራ ከባሕሩ በስተሰሜን ናት፤ ቂብላዋም ወደ ሰሜን ነው። ስለዚህ ሰጋጁ ባሕሩን በጀርባው ትቶ ፊቱን ወደ ተራራው ያዞራል። አዲስ አበባም ሆነን የምንዞረው ወደ ሰሜን መሆኑን ስናስታውሳቸው፣ አንዱ ልጅ በአሸዋው ላይ ካርታ ሥሎ መካን፣ ታጁራንና አንዋር መስጊድን በመስመር ለማገናኘት ሞከረ። የጂኦግራፊ ትምህርት እንዲህ ሲገኝ ደስ ይላል።

ምግቡ ቀላል ነው፤ የተጠበሰ ዓሣ፣ ሩዝ፣ ትኩስ ጠፍጣፋ ዳቦ፣ ሎሚና በርበሬ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ባሕር ውሃ ተጠይቀው ውሃው ንጹሕና የሚያነጻ፣ በውስጡ የሞተውም የተፈቀደ መሆኑን ማስተማራቸውን በፊቅህ ክፍል ያነበብነው እዚህ ማዕድ ሆኖ ቀረበ። በጨዋማው ውሃ ዉዱእ ያደረጉት ልጆች ፊታቸውን አኮማትረው ሲሳሳቁ መመልከትም አስደሳች ነበር።

የአካባቢው ሰው እንግዳ ሲያይ መጀመሪያ ሰላምታ ነው፤ ከዚያ «ከየት?» ይላል። ከአዲስ አበባ ስንል በአማርኛ የሚመልሱልን አልጠፉም። ከኢትዮጵያ ሹፌሮች ጋር ሲሠሩ የለመዱ ናቸው። ታዲያ የቀትር በኋላውን ጊዜ ጫት እንደሚበላው ሳንጠቅስ አናልፍም። እርሱም የሚሄደው ከእኛው አገር ነው። የእኛን ሰፈር ወጣቶች ጊዜ የሚበላው ቅጠል እዚያም የሰውን ገንዘብና ጉልበት ሲበላ አይተናል።

ነጭ አሸዋ

ከታጁራ በስተምሥራቅ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ራቅ ብሎ፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ «ሌ ሳብል ብላን» የሚሉት ዳርቻ አለ፤ ትርጉሙ ነጭ አሸዋ ማለት ነው። ስሙን አላጋነኑም። አሸዋው ዓይን የሚወጋ ነጭ፣ ውሃው በዳር በኩል እንደ ብርጭቆ የጠራ፣ ወደ ውስጥ ሲገባ አረንጓዴ፣ ከዚያም ጥቁር ሰማያዊ ነው። ድንጋይ የመሰለው ኮራል ከዳርቻው ብዙም ሳይርቅ ይጀምራል። ፊት ላይ የሚጠለቅ መነጽር አድርጎ ጎንበስ ያለ ሰው ቢጫ፣ ሰማያዊና ባለ መስመር ዓሦችን ያያል። ኮራል ሕይወት ያለው ፍጥረት መሆኑን፣ ሲረገጥ እንደሚሞት፣ እሾሃማው የባሕር ፍጥረትም እግር እንደሚወጋ ለልጆቹ አስቀድመን ነገርናቸው። የፕላስቲክ ጫማ ማድረጉ ለሁለቱም ይበጃል።

እኅቶች ስለ ዋና ይጠይቁናል። ዳርቻው ሰፊ ነው፤ ጠዋት በጊዜ ለደረሰ ቤተሰብ ሰው የማይደርስበት ጥግ አይጠፋም። ቤተሰቦቻችን ሰውነትን የሚሸፍን፣ ውሃ ሲነካው የማይጣበቅ ሰፊ ልብስ ለብሰው በነፃነት ገብተዋል። የአገሬው ሴቶችም ከነልብሳቸው ወደ ውሃው ይወርዳሉ። ባሕር ለወንድ ልጅ ብቻ የተፈጠረ ይመስል እናትና እኅት ከዳር ሆነው ዕቃ የሚጠብቁበት ሽርሽር ሽርሽር አይደለም።

ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት በዚህ ባሕረ ሰላጤ ምዕራባዊ ክፍል፣ በአርታ ዳርቻ አካባቢ፣ የዓለማችን ትልቁ ዓሣ የሆነው ዌል ሻርክ ይመጣል። አካሉ ግዙፍ ቢሆንም የሚመገበው በአብዛኛው ጥቃቅን ፍጥረታትን ነው፤ ሰውን አይነካም። እኛ ባናገኘውም ለሚሄዱ ሰዎች እንዲያውቁት ጠቅሰነዋል።

ኦቦክ

ሦስተኛውን ቀን መኪና ተከራይተን በባሕሩ ዳር ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ኦቦክ ሄድን። ኦቦክ እ.ኤ.አ. በ1862 ፈረንሳይ ከዓፋር አለቆች የገዛቻት፣ በ1880ዎቹም የቅኝ ግዛቱ የመጀመሪያ መቀመጫ የነበረች ትንሽ ከተማ ናት። አስተዳደሩ ወደ ጅቡቲ ሲዛወር ተረሳች። ዛሬ ስሟ የሚነሳው በሌላ ምክንያት ነው።

ከመንገዱ ዳር የምናያቸው ሰዎች ከቁጥር በላይ ሆኑ። ሁለት ሆነው፣ አምስት ሆነው፣ አንዳንዴ አሥራ አምስት ሆነው፣ ባዶ የውሃ ጀሪካን አንጠልጥለው በጠራራ ፀሐይ ይሄዳሉ። መኪናው ሲቀርብ መንገዱን ለቀው ይቆማሉ። አቁመን ውሃ ስንሰጣቸው የመለሱልን በኦሮምኛና በአማርኛ ነበር። የወሎ፣ የጅማ፣ የሐረርጌ፣ የአርሲ ልጆች ናቸው። ትልቁ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ልጆቻችን መጠየቅ አቆሙ።

ከኦቦክ በስተሰሜን የጎዶርያና የፋንተሄሮ ዳርቻዎች አሉ። ደላሎች ሰዎችን በሌሊት በጠባብ ጀልባ የሚጭኑት ከነዚህ አካባቢዎች ነው። ባሕሩ ወደ ባብ አል መንደብ ይጠብባል፤ የየመን ምድር በጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚርቀው። ዐረቦች ይህን በር ያወጡለት ስም የእንባ በር ማለት ነው።

ስሙ ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ከጎዶርያ የተነሱ ሁለት የተጨናነቁ ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። በሚያዝያ 2024 በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች በዚሁ አካባቢ ሰጠሙ፤ በመጀመሪያው 38፣ በሁለተኛው ከ20 በላይ ነፍስ ጠፋ። በዚያው ዓመት ጥቅምት 1 ቀን ከየመን 310 ሰዎችን የጫኑ ሁለት ጀልባዎች ዳርቻው ሳይደርሱ ተሳፋሪዎቹ ባሕር ውስጥ እንዲወርዱ ተገድደው ከ40 በላይ ሰዎች ሕይወታቸው አለፈ። ከእነዚህ ከሞቱት ብዙዎቹ ወደ የመን የሚሄዱ አልነበሩም፤ አልሳካ ብሏቸው ወደ አገራቸው እየተመለሱ ነበር።

ኦቦክ ዳር አንድ ሌላ ነገር አየን። የመን ውስጥ ጦርነቱ ሲበረታ እ.ኤ.አ. በ2015 የተከፈተ ማርካዚ የሚባል የየመናውያን ስደተኞች ሰፈር አለ። የመናውያን ከቦምብ ሸሽተው ወደዚህ ይሻገራሉ፤ የእኛ ልጆች በዚያው ውሃ ላይ ወደዚያው ጦርነት ይሄዳሉ። ደላላው ይህን አይነግራቸውም።

ከአዲስ አበባ ስንነሳ የሰፈራችን አንዲት እናት ቤታችን ድረስ መጥተው ነበር። ልጃቸው በኦቦክ በኩል ሄዶ ድምፁ ከጠፋ ሁለት ዓመት አልፎታል። «የኔ ልጆች፣ ባሕሩ ጋ ስትደርሱ ዱዓ አድርጉልኝ» አሉን። ከመካከላችን አንዱ ሰላተል ጋኢብ ስለመስገድ ሲያነሳ ፊታቸው ተለወጠ። «የለም! እሱ ለሞተ ሰው ነው። እኔ ተስፋ አልቆረጥኩም። ዱዓ ብቻ» አሉ።

ሰላተል ጋኢብ፣ አስከሬኑ በሌለበት ለሞተ ሙስሊም የሚሰገደው ሰላት፣ በመጀመሪያ የተሰገደው ለማን እንደሆነ አንባቢያን ታውቃላችሁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ሆነው የሰገዱት ለእኛው አገር ንጉሥ፣ ለነጃሺ ነበር። በኋላ ዑለማዎች ለማንና መቼ እንደሚሰገድ የተለያየ አስተያየት ሰጥተዋል። እኛ ግን የእናቲቱን አደራ ጠበቅን። ኦቦክ ዳርቻ ላይ ቆመን እጃችንን ዘርግተን በሕይወት እንዳለ ሰው ዱዓ አደረግንለት። አላህ ያለበትን ያውቃል።

ያኛው ሂጅራና ይህኛው ጉዞ

በዚያ ዳርቻ ቆሞ የመጀመሪያውን ሂጅራ አለማስታወስ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ሶሐቦች ከሹዐይባ ወደብ ተነስተው ቀይ ባሕርን ወደ ሐበሻ ተሻገሩ። የሲራ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት በሁለት የነጋዴ ጀልባዎች ተሳፍረው ለጉዞው ግማሽ ዲናር ከፍለዋል። እነርሱም ስደተኞች ነበሩ፤ እነርሱም ቤታቸውን ትተው በባሕር ሄደዋል። አንዳንድ ወጣቶች ይህን ጠቅሰው «እኛም ሂጅራ ነው የወጣነው» ይሉናል።

ልዩነቱን ግን እንይ። ሶሐቦች ወደማን እንደሚሄዱ ያውቁ ነበር፤ በእርሱ ዘንድ ማንም የማይበደልበት ንጉሥ እንዳለ ነግረዋቸዋል፤ የነገሯቸውም ደላላ ሳይሆኑ የአላህ መልእክተኛ ናቸው። መጀመሪያ የሄዱት ጥቂቶች ነበሩ፤ ሁኔታው ከታየ በኋላ ነው ብዙዎቹ የተከተሉት። የጀልባ ዋጋቸው የታወቀ ነበር። የዛሬው ተጓዥ ግን «አሁን ሂድ፣ በኋላ ትከፍላለህ» ይባላል፤ የኋላው ሒሳብ የሚጠየቀው የመን ውስጥ ታግቶ፣ እየተደበደበ፣ እናቱ በስልክ ጩኸቱን እየሰማች ነው። በሬ ሸጠው፣ ከዕቁብ ተበድረው፣ ቤት አስይዘው የከፈሉ ወላጆችን እናውቃለን።

ይህን የምንለው ልጆቹን ለመውቀስ አይደለም። ሥራ ያጣ፣ ከታናናሾቹ ጋር አንድ ክፍል የሚያድር፣ ሪያድ ያለው ጓደኛው ለቤተሰቡ ቆርቆሮ ሲያለብስ ያየ ወጣት ቢነሳ አያስገርምም። ሪዝቅ ፍለጋ መውጣት ሐራም አይደለም። የምንለው መንገዱ ይታወቅ ነው። አገራችን የውጭ አገር ሥራ ስምሪትን የሚመለከት አዋጅ አላት፤ ሕጋዊው መንገድ ቢያታክትም ስምና ውል ያለው ነው። ጠባብ ጀልባ ውስጥ ግን የማንም ስም አይጻፍም።

የአሳል ሐይቅ

የመልሱን ጉዞ በየብስ አደረግነው። መንገዱ ባሕረ ሰላጤውን ዞሮ በአሳል ሐይቅ አካባቢ ያልፋል። አሳል ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ ያለ፣ በአፍሪካ ዝቅተኛው ስፍራ ነው። ጨዋማነቱ የባሕርን አሥር እጥፍ ያህል ነው። ዙሪያው ሁሉ ነጭ ጨው ነው፤ ልጆቹ በረዶ መስሏቸው ጮኹ። ዓፋሮች ይህን ጨው ለዘመናት በግመል ወደ ደጋው ሲያጓጉዙ ኖረዋል። እዚያው አጠገብ አርዱኮባ የተባለ እሳተ ገሞራ አለ፤ በኅዳር 1978 (እ.ኤ.አ.) ፈንድቶ ምድሩን በአዲስ ጥቁር ድንጋይ አልብሶታል። ስምጥ ሸለቆው ምድርን ቀስ በቀስ እየገነጠለ ያለበት ቦታ ነውና የሥነ ምድር ተማሪዎች ከዓለም ዙሪያ ይመጡበታል።

ከመንገዱ በታች ወዳለው አሳል ስንመለከት ግን ያው ቀጭን ሰልፍ በሩቁ ታየን። የድሮ ሲራራዎች የሄዱበት መንገድ ነው፤ ዛሬም ሰው ይሄድበታል። አጠገቡ ያለው ውሃ የማይጠጣ መሆኑን ልብ በሉ።

ለሚጓዙ ቤተሰቦች

ለመሄድ ለምታስቡ ጥቂት ምክር እንጨምር። የሚመቸው ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ በበጋቸው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ሕፃናትና አረጋውያን አይችሉትም። ፓስፖርትና ቪዛ፣ የባቡሩና የጀልባውም የጉዞ ቀናት የሚለዋወጡ ስለሆኑ ሳምንት ቀደም ብሎ ማጣራት ይገባል። የጅቡቲ ፍራንክ በዶላር የተተመነ ስለሆነ ነገሩ ለብር ኪስ ውድ ነው፤ ብዙ ሆናችሁ አንድ መኪና ብትከራዩ ይቀላል። ተጓዥ ሰላቱን ማሳጠርና ማጣመር እንደሚፈቀድለት ለልጆች በጉዞው ላይ በተግባር አሳዩዋቸው። የምትይዙትን ውሃ እጥፍ አድርጉት፤ በመንገድ ላይ የሚቀበል አታጡም።

ለወላጆች

ብዙ ወላጆች ስለ ባሕሩ ለልጆቻቸው ማውራት ይፈራሉ፤ ስሙን ካነሳን ልቡ ይሄዳል ይላሉ። እኛ ግን ከዚያ ጉዞ የተረዳነው ተቃራኒውን ነው። ከእኛ ጋር የሄደው የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ ከመነሳታችን በፊት የደላላ ስልክ ቁጥር ይዞ እንደነበረ የነገረን ኦቦክ መንገድ ላይ ውሃ ካደለ በኋላ ነው። ማንም አልመከረውም። ያየው በቃው።

ሁሉም ቤተሰብ ታጁራ መሄድ አይችልም፤ አቅሙ የሌለው ይበዛል። ግን ልጁን አስቀምጦ ማናገር ገንዘብ አይጠይቅም። የት እንደሚነሳ፣ የት እንደሚያልፍ፣ ስንት እንደሚከፈል፣ ስንቱ እንደቀረ በስሙ ጠርታችሁ ንገሩት። ምን እንደሚያስፈልገው ጠይቁት፤ ከደላላው የሚያገኘውን ሁለት መቶ ሺሕ ብር ብድር የሚያህል ጥረት ለእርሱ ሥራ በመፈለግ እናውል። በየመድረሳችንም ርእሱ ይነሳ። ልጆቻችን ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩት በቀን፣ ከወላጆቻቸው ጋር፣ በፈገግታ እንጂ በሌሊት፣ በደላላ እጅ አይሁን።

አላህ በባሕርም በየብስም ያሉትን ወገኖቻችንን ይጠብቅልን፤ የጠፉትን በሰላም ይመልስልን፤ ለሞቱት ይማርልን፤ የሚጠብቁትን እናቶች ልብ ያጽናልን። አሚን።

ወቢላሂ ተውፊቅ።